አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ በቴሌስኮፖች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ከባቢ አየር የሚያዛባውን የቴሌስኮፕ ምስል በፍጥነት የሚያርም ዘዴ ነው። ይህ ገጽ የሥነ ፈለክ ተማሪዎች፣ ቴሌስኮፕ ላይ መሥራት የጀመሩ ቴክኒሻኖችና የራሳቸው ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በአማርኛ ገና ያልተለመዱ ቃላትን በባለሙያው አፍ እንደሚነገሩት ትተናቸዋል። ስለ አየሩ የተሰጡት ቁጥሮች ሌላ ካልተባለ በ0.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው)፣ ማለትም በአረንጓዴ ብርሃን የተሰሉ ናቸው።

ቴሌስኮፑ ትልቅ ከሆነ ምስሉ በራሱ አይጠራም?

ከባቢ አየር ባይኖር ይጠራ ነበር። የ8 ሜትር መስታወት በ2.2 ማይክሮን ኢንፍራሬድ ብርሃን 0.06 አርክ ሰከንድ ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን መለየት ይችላል። አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። መሬት ላይ ግን በጥሩ ሌሊትና በጥሩ ተራራ አናት ላይ እንኳ የኮከብ ምስል ከ0.5 እስከ 1 አርክ ሰከንድ ይሰፋል። ባለሙያዎች ይህን ስፋት «ሲዪንግ» ይሉታል። ስለዚህ ያ ሁሉ መስታወት ብዙ ብርሃን ይሰብስብ እንጂ፣ በሚታየው ብርሃን ዝርዝር በማሳየት ረገድ ከአንድ የ20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ብዙም አይሻልም።

ጥፋቱ የሙቀት ነው። ሞቅ ያለና ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲደባለቅ፣ እያንዳንዱ የአየር ኪስ ብርሃኑን በጥቂቱ ለየት አድርጎ ይሰብረዋል። ለዓመታት ሲጓዝ የኖረው ብርሃን ከባቢ አየሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሞገድ ግንባሩ፣ ማለትም አብሮ የሚገሰግሰው የብርሃን ሞገድ ገጽ፣ ጠፍጣፋ ነው። በመጨረሻዎቹ 20 ኪሎ ሜትሮች፣ ከሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ይጨማደዳል። የአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ሥራ ያንን ጭምድድ መለካትና አየሩ ሳይለወጥ መልሶ መዘርጋት ነው።

ሥርዓቱ ከምን ከምን የተሠራ ነው?

ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦ የሞገድ ግንባር ዳሳሽ፣ ከጀርባው ባሉ ብዙ ጥቃቅን ገፊዎች የሚጎብጥ ቅርጽ ቀያሪ መስታወት እና በመካከላቸው የሚያሰላ ኮምፒውተር። ከቴሌስኮፑ የመጣው ብርሃን በመጀመሪያ ቅርጽ ቀያሪው መስታወት ላይ ያርፋል። ከዚያ አንድ ከፋይ መስታወት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ብርሃን ወደ ዳሳሹ፣ ኢንፍራሬዱ ወደ ሳይንስ ካሜራው ይሄዳል።

ዳሳሹ ከመስታወቱ በኋላ መቀመጡ ልብ ይባል። የሚያየው ሙሉውን ጭምድድ ሳይሆን፣ መስታወቱ ካስተካከለ በኋላ የቀረውን ትርፍራፊ ነው። ኮምፒውተሩም ሥራውን በየጊዜው ከባዶ አይጀምርም፤ በቀደመው ትእዛዝ ላይ ትንሽ ማስተካከያ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ «ዝግ ዑደት» ይባላል። በትልልቅ ቴሌስኮፖች ላይ በሰከንድ ከ500 እስከ ከ1,000 በላይ ጊዜ ይደጋገማል።

ብዙዎች የሚረሱት አራተኛ ክፍል አለ። መላውን ምስል ግራ ቀኝ የሚያንገዋልለውን ዘንበልታ ለብቻው የሚያርም ፈጣን ጠፍጣፋ መስታወት ነው። በትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ከጠቅላላው መዛባት፣ በካሬ ድምር ሲሰላ፣ 87 በመቶው ይህ ዘንበልታ ነው። ያንን ሸክም ቅርጽ ቀያሪው ላይ ከጫኑት የመግፋት አቅሙ ለሌላ ሥራ አይተርፍም።

የዳሳሹን ክፍሎችና የገፊዎችን ቁጥር የሚወስነው ምንድን ነው?

ሦስት የአየር ባሕርያት ናቸው። ሦስቱን ሳያውቁ መሣሪያ መንደፍ ልኬት ሳይወስዱ ልብስ እንደ መስፋት ነው።

የመጀመሪያው የፍሪድ ርዝመት ነው። በመስታወቱ ላይ የሞገድ ግንባሩ ጠፍጣፋ ነው ሊባል የሚችልበትን የቁራጭ ስፋት ያሳያል። ሲዪንጉ 1 አርክ ሰከንድ ሲሆን 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ወደ ረጅም ሞገድ ሲኬድ በፍጥነት ያድጋል፤ በ2.2 ማይክሮን ያው አየር 59 ሴንቲሜትር ይሰጣል። አስፈላጊው የገፊ ቁጥር የመስታወቱ ስፋት በፍሪድ ርዝመት ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ ለ8 ሜትር ቴሌስኮፕ በአረንጓዴ ብርሃን 6,400 ገደማ፣ በ2.2 ማይክሮን ግን 185 ገደማ ይበቃል። አብዛኞቹ ሥርዓቶች ሥራቸውን ኢንፍራሬድ ላይ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ነፋሱ የአየሩን ኪሶች በመስታወቱ ፊት ለፊት ያሳልፋቸዋል። የፍሪድ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ሲሆን የተለካው ነገር ከ3 ሚሊሰከንድ በኋላ ያረጃል። የጄት ነፋስ በከፍታው ላይ ሲበረታ ይህ ጊዜ ከዚያም ያንሳል።

ሦስተኛው አንግል ነው። መሪ ኮከቡ፣ ማለትም ዳሳሹ መዛባቱን የሚለካበት ኮከብ፣ እና የምናጠናው ነገር በሰማይ ላይ ከተራራቁ፣ ብርሃናቸው ከፍ ብሎ ባለው አየር ውስጥ የሚያልፈው በተለያየ ቦታ ነው። እርማቱ ለአንዱ ትክክል፣ ለሌላው ስህተት ይሆናል። በሚታየው ብርሃን መራራቁ ከሁለት አርክ ሰከንድ እምብዛም ማለፍ የለበትም፤ በ2.2 ማይክሮን ከ10 እስከ 20 ይፈቀዳል።

ዳሳሹ የሞገድ ግንባርን ቅርጽ እንዴት ያያል?

ብርሃን ፈላጊ ካሜራ ቅርጽ አያይም፤ የሚቆጥረው ፎቶን ነው። ስለዚህ ቅርጹን ወደ ብርሃን ልዩነት የሚለውጥ ዘዴ ያስፈልጋል። በብዛት የሚሠራበት ሻክ ሃርትማን ዳሳሽ ነው፦ የመስታወቱ ምስል በሚሠራበት ቦታ ላይ የጥቃቅን ሌንሶች መደዳ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሌንስ የየራሱን ነጥብ በካሜራው ላይ ይጥላል። የሞገድ ግንባሩ በዚያ ቦታ ዘንበል ካለ ነጥቡ ከመሃሉ ይንሸራተታል። ከሁሉም ነጥቦች መንሸራተት የየቦታው ተዳፋት ይሰላል፤ ከተዳፋቶቹም ሙሉው ቅርጽ።

ፒራሚድ ዳሳሽ በ1996 ሮቤርቶ ራጋዞኒ ያቀረበው ነው። የኮከቡ ብርሃን በባለ አራት ገጽ የመስታወት ፒራሚድ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፤ የተከፈለው ብርሃን አራት የመስታወት ምስሎች ይሠራል፤ በአራቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ተዳፋቱን ይናገራል። ዑደቱ ተዘግቶ ኮከቡ ሲሰበሰብ ስሜቱ ይጨምራል፤ በደብዛዛ ኮከብ ከሻክ ሃርትማን የሚሻለውም በዚህ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ትልቅ መዛባት ሲመጣ ምላሹ ቀጥተኛ አለመሆኑ ነው። መጥፎ ሲዪንግ ባለበት ሌሊት መዛባቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ ጌይኑን (ከተለካው መዛባት በየዙሩ የሚታረመውን ድርሻ) እየተከታተሉ ማስተካከል ግድ ይላል።

የትኛውም ቢመረጥ የፎቶን ቁጥር አይታለፍም። የብሩህነት ደረጃው 10 የሆነ ኮከብ (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) በ20 ሴንቲሜትር ካሬ ክፍል፣ በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ ጥቂት አሥር ፎቶኖች ብቻ ያቀብላል። የካሜራው የንባብ ኖይዝ፣ ማለትም ሲነበብ ራሱ የሚጨምረው የውሸት ምልክት፣ ከአንድ ኤሌክትሮን በታች እንዲሆን የሚፈለገው ለቅንጦት አይደለም።

ቅርጽ ቀያሪው መስታወት ምን ዓይነት ነው? ይሰበራል?

ሦስት ቤተሰቦች በብዛት ይታያሉ። በፒዬዞ ገፊዎች፣ ማለትም ቮልቴጅ ሲሰጣቸው በሚረዝሙና በሚያጥሩ ገፊዎች፣ የሚሠራው ጠንካራና የቆየ ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ቮልቴጅ ወጥቶም ወርዶም ሲሰጡት በትክክል አንድ ቦታ አያርፍም፤ ልዩነቱ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዑደቱ ዝግ ሲሆን ዳሳሹ ይህን ራሱ ያርመዋል፤ ያለ ዳሳሽ ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ያስቸግራል።

በሲሊከን ላይ የሚሠሩት ጥቃቅን መስታወቶች በትንሽ ቦታ ብዙ ገፊ ያጭቃሉ። ጀሚኒ ፕላኔት ኢሜጀር የተባለው የፕላኔት ፍለጋ ካሜራ 64 በ64፣ ማለትም 4,096 ገፊ ያለው እንዲህ ያለ መስታወት ነበረው። ጠላታቸው እርጥበት ነው። ቮልቴጅ እያለ እርጥብ አየር ከገባ ኤሌክትሮዶቹ ይበላሻሉ፤ ስለዚህ በታሸገ ክፍል ውስጥ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን እየተሰጣቸው ይሠራሉ። እርጥበቱ ከተወሰነው በላይ ሲወጣ ቮልቴጁን ራሱ የሚቆርጥ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ሰው እንዲያስታውስ መተው አያዋጣም።

ሦስተኛው የቴሌስኮፑን ሁለተኛ መስታወት ራሱን ቅርጽ ቀያሪ ማድረግ ነው። በቺሊ ፓራናል ላይ ካሉት አራት የ8.2 ሜትር ቴሌስኮፖች አንዱ 1.1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፣ በ1,170 ኤሌክትሮማግኔቶች የሚንሳፈፍ መስታወት አለው። ተጨማሪ መስታወቶች ስለማያስፈልጉ ብርሃን አይባክንም፤ በኢንፍራሬድ የሙቀት ጨረርም አይጨመርም። በመስታወቱና በጀርባ አካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከጸጉር ውፍረት የማይራቅ ስለሆነ፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት ገብታ ገፊዎችን ልትይዝ ትችላለች። ስሱ መስታወት ሲጸዳና ሲነሳ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የሞተ ገፊ ማለት ግን የሞተ መሣሪያ አይደለም። የተወሰኑት ባይሠሩ የጎረቤቶቻቸው ትእዛዝ ተስተካክሎ ሥራው ይቀጥላል። ጨርሶ ተጎትቶ የቀረ ገፊ ግን በፕላኔት ፍለጋ ካሜራዎች ላይ ብርሃን ይበትናል፤ ያን ቦታ በጥቁር ጭምብል መሸፈን የተለመደ ነው።

ዑደቱን ለመዝጋት በተግባር ምን ምን ይደረጋል?

ኮከብ ከመፈለግ በፊት መሣሪያው ውስጥ ባለ የፋይበር ብርሃን ይጀመራል። መጀመሪያ የዳሳሹ ጥቁር ምስል ይነሳል፤ ማለትም ብርሃን ተዘግቶ ካሜራው በራሱ የሚያሳየው። ይህን ያለፈ ሰው በኋላ እያንዳንዱን ነጥብ ወደየራሱ የሌንስ ክፍል መሃል የተጎተተ መስሎ ያገኘዋል።

ቀጥሎ አሰላለፍ ነው። ገፊዎቹ በጥቃቅኖቹ ሌንሶች ማዕዘን ላይ እንዲወድቁ ይደረጋል። አንዱን ገፊ ገፍቶ በዙሪያው ያሉት አራት ነጥቦች እኩል መሸሻቸውን ማየት ቀላሉ ማረጋገጫ ነው። መዛነፉ የአንድ ሌንስ ስፋት አንድ አሥረኛ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ሩብ አካባቢ ሲደርስ ግን ዑደቱ ጫፉ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ከዚያ የመስተጋብር ማትሪክስ ይለካል። እያንዳንዱ ገፊ፣ ወይም የተመረጠ የቅርጽ ስብስብ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ይገፋል፤ የነጥቦቹ ምላሽ ይመዘገባል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋቱ የካሜራውን ቀስ በቀስ መንሸራተት ስለሚያጣፋ አይዘለልም። ማትሪክሱ ሲገለበጥ የቁጥጥር ማትሪክስ ይወጣል። በግልበጣው ጊዜ ዳሳሹ በደንብ የማያያቸው ቅርጾች ይጣላሉ። ዋናው የቼዝ ሰሌዳ ዓይነት ቅርጽ ነው፦ ተጎራባች ገፊዎች አንዱ ወጥቶ አንዱ ሲገባ ሻክ ሃርትማን ምንም አያይም። ካልታገደ ሳይታይ እያደገ ሄዶ መስታወቱን ጫፍ ያደርሰዋል፤ ምስሉ ላይም በመስቀለኛ አቀማመጥ አራት የውሸት ኮከቦች ይወጣሉ።

አሁን ወደ ሰማይ ይኬዳል። መሪ ኮከቡ ወደ መሃል ይመጣል፤ በመጀመሪያ የዘንበልታው ዑደት ብቻ በዝቅተኛ ጌይን ይዘጋል፤ ነጥቦቹ ሲረጉ የቅርጽ ዑደቱ ይከተላል። ጌይኑ ከ0.1 ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ የተለመደው ማረፊያ ከ0.3 እስከ 0.6 ነው። ሲጨመር ምስሉ መጥራቱን አቁሞ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ እርምጃ ይመለሱ። በቀደመው ትእዛዝ ላይ 0.99 ያህል ማባዛት፣ ማለትም በጥቂቱ እንዲረሳ ማድረግ፣ የማይታዩ ቅርጾች እንዳይከማቹ ይረዳል።

ዑደቱ ተዘግቷል፤ ምስሉ ግን አሁንም ደብዛዛ ነው። ለምን?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። በችኮላ የሚሰጠው መልስ «ዛሬ አየሩ መጥፎ ነው» የሚል ነው። አየሩ ብዙ ጊዜ ግማሽ ጥፋተኛ ብቻ ነው። ስህተቶቹን በየስማቸው ለይቶ በናኖሜትር መመዝገብ ያስፈልጋል።

የመስታወቱ ጥርት ማነስ የመጀመሪያው ነው፦ በገፊዎች መካከል ያለውን ትንሽ መጨማደድ ምንም ዓይነት ትእዛዝ አያጠፋውም። በዋናው መስታወት ላይ ሲታሰብ ገፊዎቹ በ20 ሴንቲሜትር ከተራራቁና የፍሪድ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 75 ናኖሜትር ይቀራል፤ በ40 ሴንቲሜትር ከተራራቁ 134። መዘግየት ሁለተኛው ነው። አየሩ በ3 ሚሊሰከንድ የሚያረጅ ሆኖ ከመለካት እስከ ማረም 2 ሚሊሰከንድ ከፈጀ 57 ናኖሜትር ይቀራል፤ ኮከቡ ደብዛዛ ሆኖ ፍጥነቱን ስለቀነስን 10 ሚሊሰከንድ ከፈጀ 217። ይህ ስህተት ፊርማ አለው፦ ምስሉ በከፍታ ላይ ባለው ነፋስ አቅጣጫ በሁለት በኩል እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋል።

ንዝረት ሌላው ነው። የማቀዝቀዣ ፓምፖች፣ ማራገቢያዎችና የቴሌስኮፑ ሞተሮች በተወሰነ ድግግሞሽ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት አሥር ኸርዝ ላይ፣ መላውን ምስል ያንቀጠቅጣሉ። የዑደቱ የማረም አቅም ከናሙና ፍጥነቱ አንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሃያኛ ብቻ ስለሆነ፣ በ500 ኸርዝ የሚሄድ ዑደት የ50 ኸርዝ ንዝረትን ከማዳከም ይልቅ ሊያጎላው ይችላል። የዘንበልታውን መዝገብ ወደ ድግግሞሽ ስፔክትረም ቀይረው ሹል ጫፍ ይፈልጉ፤ ካገኙ፣ ሶፍትዌር ከመጻፍ በፊት ፓምፑን ለአንድ ደቂቃ ማጥፋት ይሻላል።

የማይጋሩት መንገድ ስህተት ደግሞ ሰውን የሚያታልለው ነው። ከከፋዩ መስታወት በኋላ ዳሳሹና ካሜራው በየራሳቸው ሌንስና ማጣሪያ ያልፋሉ። ዳሳሹ ፍጹም ጠፍጣፋ ሲያይ ካሜራው የራሱን መዛባት ይዞ ይቀራል፤ የቁጥጥር ማያው ሁሉም ሰላም ነው ይላል። መድኃኒቱ በውስጥ ብርሃን አንድ ምስል በፎከስ፣ አንድ ከፎከስ ወጣ አድርጎ ማንሳት፣ ከሁለቱ መዛባቱን ማስላት፣ ከዚያም የዳሳሹን የዜሮ ነጥቦች (ነጥቦቹ ማረፍ ያለባቸውን ቦታ) በዚያው ልክ ማዛነፍ ነው። ሙቀት ሲለወጥ ስለሚንሸራተት የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም።

የሚያስገርመው ነፋስ ጨርሶ ሲጠፋ የሚመጣው ችግር ነው። ሁለተኛውን መስታወት የያዙት ብረቶች ወደ ጥቁሩ ሰማይ ሙቀት እየላኩ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛሉ፤ ያጠገባቸውን አየር ያቀዘቅዙታል። በብረቱ በአንድ በኩልና በሌላው በኩል የሞገድ ግንባሩ ደረጃ ይፈጥራል፤ ተዳፋት የሚለካ ዳሳሽ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደረጃ በደንብ አያየውም። የኮከቡ ምስል በጎኑ ጆሮ አውጥቶ ከታየና ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ፣ ይህንኑ ይጠርጥሩ። ብረቶቹን ሙቀት በማይልክ ሽፋን መጠቅለል ችግሩን በእጅጉ ይቀንሳል።

ስህተቶቹ የሚደመሩት በካሬ ነው። ለምሳሌ መዘግየት 100፣ ንዝረት 90፣ ጥርት ማነስ 80፣ ኖይዝ 70፣ የማይጋሩት መንገድ 50 ናኖሜትር ከሆኑ ድምሩ 179 ነው። የኖይዙን ግማሽ ብናጠፋ ወደ 168 ብቻ ይወርዳል፤ የመዘግየቱን ግማሽ ብናጠፋ ግን ወደ 156። አዲስ ካሜራ ከመግዛት በፊት ይህችን ሠንጠረዥ መሥራት ገንዘብ ያድናል።

የእርማቱ ጥራት በምን ይለካል?

በስትሬል መጠን። የኮከቡ ምስል ጫፍ ብሩህነት አየር ባይኖር ከሚሆነው ጋር ሲነጻጸር ስንት በመቶ ነው የሚል ልኬት ነው። 200 ናኖሜትር ቀሪ ስህተት በ2.2 ማይክሮን 72 በመቶ ይሰጣል፤ በ1.65 ማይክሮን 56፤ በአረንጓዴ ብርሃን ከአንድ በመቶ በታች። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱ ያልተጠቀሰበት የስትሬል ቁጥር ምንም አይናገርም።

ሌዘር ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ለምንድን ነው?

በቂ ብሩህ ኮከብ በሚፈለገው ነገር አጠገብ ስለማይገኝ ነው። ሮዤ ፍዋና አንትዋን ላቤሪ በ1985 ሰው ሠራሽ ኮከብ የመፍጠርን ሐሳብ አሳተሙ፤ በ1991 ደግሞ የአሜሪካ ጦር በምስጢር የሠራው ተመሳሳይ ሥራ ይፋ ሆነ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 589 ናኖሜትር የሆነው ብርቱካናማ ሌዘር ነው። በ90 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከሚቃጠሉ የሰማይ ቅንጣቶች የተረፈ የሶዲየም ንብርብር አለ፤ ሌዘሩ እነዚያን አቶሞች ያበራቸዋል። በፓራናል እያንዳንዳቸው 22 ዋት የሆኑ አራት ሌዘሮች ከ2016 ጀምሮ ይሠራሉ።

ሌዘር ግን የተፈጥሮ ኮከብን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጨረሩ ሲወጣም ሲመለስም በአንድ አየር ስለሚያልፍ ዘንበልታው ይጣፋል፤ ዘንበልታን ለመለካት አሁንም እውነተኛ ኮከብ ያስፈልጋል። ደግነቱ ለዚህ ሥራ መላው መስታወት የሰበሰበው ብርሃን ስለሚውል ደረጃው 17 ወይም 18 የሆነ ደብዛዛ ኮከብም ይበቃል፤ ራቅ ብሎም ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ከፍታው ውሱን መሆኑ ነው። ከ90 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ብርሃን የሾጣጣ ቅርጽ ስላለው፣ ከፍ ያለውን አየር ጠርዝ ይስታል። ብዙ ሌዘሮች የሚተኮሱትና የአየሩ ንብርብሮች ልክ እንደ ሕክምና ሲቲ ስካን ከየአቅጣጫው የሚሰሉት ለዚህ ነው። የሶዲየሙ ንብርብርም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አማካይ ከፍታው በ100 ሜትር ቢለወጥ በ8 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 30 ናኖሜትር ያህል የውሸት የፎከስ ስህተት ይፈጥራል፤ በ39 ሜትር ላይ ግን 700 ገደማ። ይህን ከእውነተኛው ለመለየት ቀስ ብሎ የሚለካ የእውነተኛ ኮከብ ዳሳሽ ጎን ለጎን ይሠራል። በዚያ ላይ ንብርብሩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ ከጎን ሲያዩት የሌዘሩ ነጥብ ይረዝማል፤ ከሌዘሩ መውጫ 4 ሜትር ራቅ ብሎ 1 አርክ ሰከንድ፣ 40 ሜትር ራቅ ብሎ 10።

በሥራ ሌሊት አውሮፕላን ከቀረበ ሌዘሩ ወዲያው ይዘጋል፤ ሳተላይቶች እንዳይጎዱም አቅጣጫና ሰዓት አስቀድሞ የሚፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ። ስስ ደመና ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ሲወጣም ሲመለስም ይቀንሳል፤ የተበተነው ብርሃንም ዳሳሹን ያጥለቀልቀዋል።

አክቲቭ ኦፕቲክስ የሚባለውስ? አንድ አይደሉም?

አይደሉም። አክቲቭ ኦፕቲክስ ዋናው መስታወት በራሱ ክብደትና በሙቀት ምክንያት ሲጎብጥ በየግማሽ ደቂቃው ወይም በየደቂቃው ያስተካክለዋል። የአየሩን መዛባት ለማረም እጅግ ዝግ ያለ ነው። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ሁለቱንም አላቸው።

ሐሳቡ መቼ ተጀመረ?

ሆራስ ባብኮክ በ1953 አሳተመው፤ ያሰበው መስታወት በኤሌክትሪክ ቅርጹ የሚለወጥ ስስ የዘይት ንብርብር ነበር። በዘመኑ በቂ ፈጣን ኮምፒውተርና ካሜራ ስላልነበረ ተቀመጠ። ለሥነ ፈለክ የተሠራው የመጀመሪያው ሥርዓት በ1989 በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ የ1.52 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ሠራ፤ በተከታዩ ዓመት በቺሊ ላ ሲያ ወዳለው የ3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ተዛወረ።

የሕዋ ቴሌስኮፖች እያሉ ይህ ሁሉ ድካም ምን አስፈለገ?

ስፋት መሬት ላይ ይገኛል። በአንድ የሞገድ ርዝመት ሲወዳደሩ፣ በደንብ የታረመ 8 ሜትር ቴሌስኮፕ 2.4 ሜትር ከሆነው ሃብል ከሦስት እጥፍ በላይ ጥቃቅን ዝርዝር ይለያል። በጋላክሲያችን መሃል ኤስ2 የተባለው ኮከብ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ የማይታይ ነገርን ሲዞር ተከታትሎ፣ የዚያን ነገር ክብደት 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል መሆኑን መመዘን የተቻለው በዚህ ዘዴ ነው፤ ራይንሃርድ ጌንዘልና አንድሪያ ጌዝ በ2020 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ለዚህ ሥራ ነው። ኤችአር 8799 በተባለው ኮከብ ዙሪያ ያሉት ፕላኔቶችም በ2008 ይፋ የሆኑት መሬት ላይ ካሉ ቴሌስኮፖች በተነሱ ምስሎች ነው።

የሕዋዎቹ ብልጫ ደግሞ ሌላ ነው፦ ምስላቸው ከሰዓት ሰዓት አይለዋወጥም፤ ሰማያቸው ጨለማ ነው፤ አየሩ የሚውጣቸውን የሞገድ ርዝመቶች ያያሉ። ሁለቱ አይተካኩም። በቺሊ እየተሠራ ያለው የ39 ሜትር ቴሌስኮፕ ከ5,000 በላይ ገፊ ያለው፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ ቀያሪ መስታወት በራሱ የብርሃን መንገድ ውስጥ አስገብቷል፤ በዚያ ስፋት ላይ እርማት ተጨማሪ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የቴሌስኮፑ አካል ሆኗል።

በራሴ የ30 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ማድረግ እችላለሁ?

ሙሉውን ማድረግ አያዋጣም። ለአማተሮች «አዳፕቲቭ» ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች የመስታወት ሳህን የሚያዘነብሉ ዘንበልታ አራሚዎች ናቸው። መሪ ኮከቡ በሚፈቅደው መጠን በሰከንድ ከጥቂት እስከ ጥቂት አሥር ጊዜ ያርማሉ። በተግባር የሚያርሙት የተሸካሚውን ጥርስ ስህተትና የነፋስ ግፊትን ነው፤ ለዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ከአየሩ ግን ትንሹን ብቻ ይይዛሉ።

ለፕላኔቶች፣ ለጨረቃና ለጥንድ ኮከቦች የተሻለው መንገድ የዕድል ምስል ነው። በ10 ወይም 20 ሚሊሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አንስተው ከመቶ ከ1 እስከ 10ዎቹን ምርጦች ይደምሩ። ይህ የሚሠራው ለትንሽ መስታወት ብቻ ነው፦ ስፋቱ ከፍሪድ ርዝመት 7 እጥፍ ሲሆን ጥሩ ምስል የሚገኘው በግምት ከ370 አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ዕድሉ በፍጥነት ይጠፋል።

የታረመ ምስል ሲተነተን ምን ይጠንቀቁ?

የኮከቡ ቅርጽ ከደቂቃ ደቂቃ፣ ከምስሉ መሃል እስከ ጠርዝም ይለያያል። ሹል እምብርት በሰፊ ሃሎ፣ ማለትም በደበዘዘ የብርሃን ቀለበት፣ ይከበባል፤ ስትሬሉ 30 በመቶ ከሆነ አብዛኛው ብርሃን ያለው ሃሎው ውስጥ ነው። በጠባብ ክብ የሚለካ ብሩህነት ስለዚህ ይሳሳታል። በብሩህነት፣ ዳሳሹ በሚያየው ቀለምም ጭምር፣ ከዋናው ጋር የሚመሳሰል የማነጻጸሪያ ኮከብ ከዋናው ምስል በፊትና በኋላ ያንሱ፤ ዳሳሹ የሚያየው ብሩህነት ከተለያየ ጌይኑና ፍጥነቱ ስለሚለያይ ማነጻጸሪያው ሌላ ቅርጽ ይሰጣል። የዑደቱ መዝገብ፣ ማለትም ተዳፋቶቹና የመስታወቱ ትእዛዞች፣ ከምስሎቹ ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ከዚያ መዝገብ የኮከቡን ቅርጽ መልሶ ማስላት ይቻላል፤ አንዴ ከጠፋ ግን ሌሊቱን መልሶ የሚያመጣው የለም።